ከኢሜይል የምንጫነው ሊንክ በምንፈልገው ብራውዘር እንዲከፈት ማድረጊያ፦ ከኮምፒውተር እስከ ስልክ

ኢሜይልዎ ውስጥ የመጣን ሊንክ ይጫናሉ። የሚከፈተው ግን የማይጠቀሙበት ብራውዘር ነው። የይለፍ ቃልዎ እዚያ አልተቀመጠም፣ አካውንትዎ ክፍት አይደለም፣ ያስቀመጧቸው ገጾችም የሉም። እናም ሊንኩን ኮፒ አድርገው ወደ ዋናው ብራውዘርዎ ይወስዱታል። ይህ አልፎ አልፎ ሲሆን ችላ ይባላል። ሥራዎ በኢሜይል የሚሄድ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ያሰለቻል።

ደግሞም ነገሩ በመሰልቸት ብቻ አያበቃም። አንድ ድረ ገጽ ላይ በፋየርፎክስ እየተመዘገቡ ነው እንበል። ገጹ «ወደ ኢሜይልዎ የላክነውን ሊንክ ይጫኑ» ይላል። ሲጫኑት የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ኤጅ ይከፈታል። ድረ ገጹ እርስዎን የሚለይበት ኩኪ ያለው ፋየርፎክስ ውስጥ ነው፤ ኤጅ ዘንድ እርስዎ እንግዳ ነዎት። ስለዚህ «እንደገና ይግቡ» ወይም «ሊንኩ አያገለግልም» ሊባሉ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ሊንኮች ብዙዎቹ የሚሠሩት አንዴ ብቻ ነው። አንዴ በሌላ ብራውዘር ከተከፈቱ በኋላ ኮፒ አድርጎ መውሰዱም ላይረዳ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደህንነቱ ነው። ብራውዘር ያስቀመጡትን የይለፍ ቃል በራሱ የሚሞላው የድረ ገጹ አድራሻ በትክክል ሲገጥም ነው። አስመስለው የሠሩት የማጭበርበሪያ ገጽ ላይ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ሁሌም የሚሞላው ሳጥን ዛሬ ባዶ ከሆነ ቆም ብሎ አድራሻውን ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሊንኮችዎ የይለፍ ቃልዎ በሌለበት ብራውዘር የሚከፈቱ ከሆነ ግን እውነተኛው ገጽም ላይ ሳጥኑ ባዶ ነው። ማስጠንቀቂያው ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ ማስተካከሉ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ፦ የሚወስነው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚለፋው ማስተካከያውን የተሳሳተ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። አንድ ሊንክ የት እንደሚከፈት የሚወስኑት የተለያዩ ናቸው።

አንደኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድ ወይም አይፎን። እያንዳንዱ «ዲፎልት ብራውዘር» የሚባል ምርጫ አለው። ኢሜይል የሚያነቡበት ፕሮግራም ሊንኩን ለሲስተሙ ይሰጠዋል፤ ሲስተሙም ለተመረጠው ብራውዘር ያስተላልፈዋል።

ሁለተኛው ራሱ የኢሜይል ፕሮግራሙ ነው። እንደ አውትሉክና ጂሜይል ያሉት የራሳቸው ምርጫ ስላላቸው የሲስተሙን ዲፎልት ሊያልፉት ይችላሉ። «ዲፎልቱን ቀየርኩ፣ ግን ምንም ለውጥ የለም» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሦስተኛው ኢሜይሉን የከፈቱበት ብራውዘር ነው። ጂሜይልን ወይም ያሁን በፕሮግራም ሳይሆን በድረ ገጽ የሚያነቡ ከሆነ፣ ሊንኩ እዚያው ብራውዘር ውስጥ በአዲስ ታብ ይከፈታል። እዚህ ላይ ዲፎልት ብራውዘር የሚባለው ነገር ምንም ሚና የለውም። ጂሜይልን በኤጅ ከፍተው ሊንኩ በክሮም እንዲከፈት አይጠብቁ። መፍትሔው አጭር ነው፦ ኢሜይሉን ራሱን በሚወዱት ብራውዘር ይክፈቱ።

ስልክ ላይ ደግሞ አራተኛ ወሳኝ ይጨመራል፤ እሱም የድረ ገጹ የራሱ አፕ ነው። የዩቲዩብ ሊንክ ሲነኩ ብራውዘር ሳይሆን ዩቲዩብ የሚከፈተው ለዚህ ነው።

ከመንካትዎ በፊት ይፈትኑ

ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ። ውስጡ ኤግዛምፕል ዶት ኮም የሚለውን አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊቱ ኤችቲቲፒኤስ አድርገው ይጻፉ። ይህ አድራሻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለምሳሌ መስጫ ብቻ ተብሎ የተከለለ ነው። የእኔ ነው የሚል አፕ ስለሌለ ውጤቱ አያሳስትም። በዩቲዩብ ወይም በካርታ ሊንክ ከፈተኑ ግን የሚከፈተው አፕ ስለሆነ ስለ ብራውዘሩ ምንም አይነግርዎትም።

ኢሜይሉ ሲደርስ ሊንኩን ይጫኑና የተከፈተውን ብራውዘር ይመልከቱ። ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ አንድ ፈተና ይጨምሩ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው አር የሚለውን ፊደል ይጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያንኑ አድራሻ ሙሉውን ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ይህ መንገድ በኢሜይሉ በኩል አያልፍም፤ በቀጥታ ሲስተሙን ነው የሚጠይቀው። በሳጥኗ የሚፈልጉት ብራውዘር ከተከፈተ፣ በኢሜይል ግን ሌላ ከሆነ ችግሩ የኢሜይል ፕሮግራሙ ላይ ነው። በሁለቱም ሌላ ብራውዘር ከተከፈተ መጀመሪያ ሲስተሙን ያስተካክሉ።

ዊንዶውስ 11 እና 10

በዊንዶውስ 11 እንዲህ ነው፦

1. «ሴቲንግስ» ይክፈቱ።
2. በግራ በኩል «አፕስ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ዲፎልት አፕስ» የሚለውን ይምረጡ።
3. ከዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልጉትን ብራውዘር ፈልገው ይጫኑት።
4. ከላይ «ሴት ዲፎልት» የሚል ቁልፍ ያገኛሉ። ይጫኑት።

ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ይህ ቁልፍ አልነበረውም። ተጠቃሚው የሊንክ ዓይነቶቹን ኤችቲቲፒንና ኤችቲቲፒኤስን፣ የድረ ገጽ ፋይል ዓይነቶቹን ኤችቲኤምንና ኤችቲኤምኤልን አንድ በአንድ መቀየር ነበረበት። ብዙ ቅሬታ ከቀረበ በኋላ በ2022 ቁልፉ ተጨመረ። ኮምፒውተርዎ ላይ ቁልፉ ከሌለ ዊንዶውሱ ማሻሻያ ሳያገኝ ቆይቷል ማለት ነው። ማሻሻል የማይቻል ከሆነ በዚያው የብራውዘሩ ገጽ ላይ የተዘረዘሩትን እነዚህን አራቱን ለየብቻ ይቀይሩ። ለኢሜይል ሊንክ ዋናዎቹ ኤችቲቲፒ እና ኤችቲቲፒኤስ ናቸው፤ ግን ሁለቱን የኤችቲኤም ፋይሎችም አይተዉ። ለምን እንደሆነ ወደታች እንመለስበታለን።

ዊንዶውስ 10 ላይ ቀላል ነው። «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ዲፎልት አፕስ» ብለው ገብተው «ዌብ ብራውዘር» ከሚለው ስር ያለውን ብራውዘር ይጫኑና ሌላውን ይምረጡ። «ከመቀየርዎ በፊት ኤጅን ይሞክሩት» የሚል ልመና ቢመጣ እምቢ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ብራውዘሮቹም ራሳቸው «ዲፎልት አድርገኝ» የሚል ቁልፍ አላቸው። ሲጫኑት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው እዚሁ የዊንዶውስ ሴቲንግስ ላይ ማድረስ ነው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ምርጫ ለተጠቃሚው የተወው፣ ማንም ፕሮግራም ተነስቶ ራሱን እንዳይሾም ነው። ስለዚህ ገጹ ተከፈተ ማለት ተቀየረ ማለት አይደለም። ምርጫውን እርስዎ ማጠናቀቅ አለብዎት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ ፒዲኤፍ በኤጅ መከፈቱ የሊንክ ጉዳይ አይደለም። ፒዲኤፍ የራሱ ዲፎልት አለው። እዚያው «ዲፎልት አፕስ» ገጽ ላይ ከላይ ባለው መፈለጊያ ፒዲኤፍን ፈልገው ለብቻው ይቀይሩታል።

አውትሉክ፦ ዲፎልቱን አልሰማም የሚለው

እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ ብለን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2023 ማይክሮሶፍት አንድ ለውጥ አመጣ። በዊንዶውስ ላይ ያለው አውትሉክ የዊንዶውስ ዲፎልት ብራውዘር ማንም ይሁን ማን ሊንኮችን በኤጅ መክፈት ጀመረ። ኢሜይሉም ከሊንኩ ጎን በኤጅ ውስጥ አብሮ ይታያል። የማይክሮሶፍት ሐሳብ ተጠቃሚው ኢሜይሉንና ገጹን ጎን ለጎን እንዲያይ ነው። ጥቅሙ የገባቸው ሰዎች አሉ። ግን ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን ዲፎልት ያደረገ ሰው ምርጫውን አንዴ ተናግሯል። ያ ምርጫ ሊከበር ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

ደግነቱ መመለሻ አለው። በተለመደው፣ ማለትም ከላይ በግራ በኩል «ፋይል» የሚል ሜኑ ባለው አውትሉክ፦

1. «ፋይል» ይጫኑ፣ ከታች «ኦፕሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ።
2. በግራ በኩል «አድቫንስድ» ይምረጡ።
3. ወደታች እየወረዱ ከአውትሉክ የሚወጡ ሊንኮች በምን ይከፈቱ የሚለውን ምርጫ ይፈልጉ። «ኦፕን ሃይፐርሊንክስ ፍሮም አውትሉክ ኢን» ይላል።
4. «ማይክሮሶፍት ኤጅ» የሚለውን ወደ «ዲፎልት ብራውዘር» ይቀይሩ።
5. «ኦኬ» ብለው ይውጡና የፈተናውን ኢሜይል እንደገና ይጫኑ።

በአራተኛው እርምጃ ላይ የሚያገኙት የክሮም ወይም የፋየርፎክስ ስም አይደለም። ምርጫው ኤጅ ወይም የሲስተሙ ዲፎልት ነው። ስለዚህ የዊንዶውሱን ዲፎልት አስቀድመው ካላስተካከሉ ይህን መቀየሩ ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በአዲሱ አውትሉክ ላይ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ» የሚለው መንገድ የለም። ከላይ በቀኝ በኩል የማርሽ ምልክቷን ይጫኑ፤ «ጄኔራል» ውስጥ ገብተው ስለ ሊንክ አከፋፈት የሚናገረውን ክፍል ይፈልጉ። ምርጫው አንድ ዓይነት ነው፦ ኤጅ ወይስ ዲፎልት።

የማይክሮሶፍትን የመልእክትና የስብሰባ ፕሮግራም ቲምስን የሚጠቀሙ ከሆነም እዚያ ያለውን አብረው ይመልከቱ። በቲምስ ሴቲንግስ ውስጥ «ፋይልስ ኤንድ ሊንክስ» የሚል ክፍል አለ። አውትሉክን ስላስተካከሉ ቲምስም ይስተካከላል ብለው አያስቡ፤ ገብተው ያረጋግጡ።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ምርጫው ተቆልፎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ግራጫ ሆኖ አይነካም፣ ወይም ቀይረውት ተመልሶ ይገኛል። ያኔ የአይቲ ክፍሉ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ፖሊሲ አስቀምጧል ማለት ነው። በራስዎ ለመስበር አይሞክሩ። የአይቲ ሰዎቹን ምን እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ በአጭሩ ይጠይቋቸው። ፖሊሲውን መቀየር የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ተንደርበርድ

ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም በዊንዶውስና በማክ ላይ የሲስተሙን ዲፎልት ያከብራል። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ሊኑክስ ላይ፣ ድሮ የተመረጠ ብራውዘር ይዞ ይቀራል። ሴቲንግስ ውስጥ «ጄኔራል» ገብተው «ፋይልስ ኤንድ አታችመንትስ» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ። ኤችቲቲፒ እና ኤችቲቲፒኤስ በዝርዝሩ ካሉ በጎናቸው ያለውን ብራውዘር መቀየር ይቻላል።

ከሌሉ፣ እዚያው ገጽ መጨረሻ ላይ «ኮንፊግ ኤዲተር» የሚል ቁልፍ አለ። ይክፈቱትና በመፈለጊያው ዋርን-ኤክስተርናል የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ አድርገው ይጻፉ። በኤችቲቲፒ እና በኤችቲቲፒኤስ የሚያልቁትን ሁለቱን መስመሮች ከ«ፎልስ» ወደ «ትሩ» ይቀይሩ። ከዚያ በኋላ ሊንክ ሲጫኑ ተንደርበርድ «በምን ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚፈልጉትን መርጠው እንዲያስታውሰው ያድርጉ። ሌሎቹን መስመሮች አይነካኩ።

ማክ እና ሊኑክስ

ማክ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ከቬንቹራ፣ ማለትም ከማክኦኤስ 13 ወዲህ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ዴስክቶፕ ኤንድ ዶክ» ይግቡና ወደታች ወርደው «ዲፎልት ዌብ ብራውዘር» የሚለውን ይቀይሩ። ከዚያ በፊት ባሉት ስሪቶች «ሲስተም ፕረፈረንስስ» ውስጥ «ጄኔራል» ስር ነው። የአፕል ሜይል ይህንኑ ይከተላል። ብራውዘር መምረጫው «ዶክ» የሚባል ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ ግን ያለው እዚያ ነው።

ሊኑክስ ላይ ኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ በሴቲንግስ «ዲፎልት አፕሊኬሽንስ» ወይም «ዲፎልት አፕስ» ውስጥ «ዌብ» የሚለውን ይቀይሩ። ኬዲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ ላይም «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲፎልት አፕሊኬሽንስ» አለ። ብራውዘርዎን በስናፕ ወይም በፍላትፓክ ከጫኑትና በዝርዝሩ ካልታየ፣ ከሲስተሙ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

አይፎን

እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ አይፎን ላይ ዲፎልት ብራውዘር መቀየር አይቻልም ነበር። በሩን የከፈተው የአይፎን ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 14 ነው። በመጀመሪያው ስሪት ስልኩ ሲጠፋና ሲበራ ምርጫው ወደ ሳፋሪ ይመለስ ነበር፤ ወዲያው በ14.0.1 ተስተካክሏል።

ስልክዎ አይኦኤስ 18.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ዲፎልት አፕስ»፣ «ብራውዘር አፕ» ብለው ይሂዱ። ከዚያ በታች ከሆነ በሴቲንግስ ውስጥ የብራውዘሩን ስም ፈልገው ይንኩትና «ዲፎልት ብራውዘር አፕ» የሚለውን ይክፈቱ። ብራውዘሩ አስቀድሞ ስልኩ ላይ መጫን አለበት። በኋላ ካጠፉት ዲፎልቱ ወደ ሳፋሪ ይመለሳል።

የአፕል ሜይልን ለሚጠቀም ሰው ሥራው እዚህ አለቀ። ጂሜይልን የሚጠቀም ግን አንድ እርምጃ ይቀረዋል። በጂሜይል አፕ ውስጥ ሦስቱን መስመሮች ይንኩ፣ ወደ «ሴቲንግስ» ይውረዱ፣ «ዲፎልት አፕስ» የሚለውን ይክፈቱ። እዚያ ሊንክ በክሮም፣ በሳፋሪ ወይስ በስልኩ ዲፎልት ብራውዘር ይከፈት የሚል ምርጫ አለ። የኔ ምክር «ዲፎልት ብራውዘር አፕ» የሚለውን እንዲይዙ ነው። ነገ ብራውዘር ቢቀይሩ እንደገና እዚህ መምጣት አይኖርብዎትም። «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» የሚለው ማብሪያ በርቶ ከሆነ በየሊንኩ ስለሚጠይቅ ካልፈለጉት ያጥፉት። የስልኩ አውትሉክም በራሱ ሴቲንግስ ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ አለው።

አይፎን ላይ አንዳንድ አፖች ሊንኩን በራሳቸው መስኮት ውስጥ ይከፍቱታል። ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ይህ መስኮት የሳፋሪን ኩኪዎች አያገኝም። ሳፋሪ ላይ ገብተው የነበሩበት አካውንት እዚህ ተዘግቶ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ጥግ ላይ የኮምፓስ ምልክት ካለች እሷን ሲነኩ ገጹ ወደ ብራውዘሩ ይሻገራል። ረጅም ፎርም መሙላት ከመጀመርዎ በፊት ይሻገሩ። መስኮቱ ከተዘጋ የሞሉት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

አንድሮይድ

የስልኮቹ ሜኑ ከአምራች አምራች ትንሽ ይለያያል። መንገዱ ግን ይኸው ነው፦ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ዲፎልት አፕስ»፣ «ብራውዘር አፕ»። ሳምሰንግ ላይ «አፕስ» ውስጥ ከገቡ በኋላ «ቹዝ ዲፎልት አፕስ» የሚለውን ይንኩ። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች»፣ «መተግበሪያዎች»፣ «ነባሪ መተግበሪያዎች» እያለ ይወስድዎታል። ካላገኙት በሴቲንግስ መፈለጊያ ላይ «ዲፎልት» ወይም «ነባሪ» ብለው ይጻፉ።

ቀጥሎ ጂሜይል። የአንድሮይድ ጂሜይል ሊንኮችን በራሱ ውስጥ የሚከፍት ማብሪያ አለው። ሦስቱን መስመሮች፣ «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል ሴቲንግስ» ብለው ይግቡና «ኦፕን ዌብ ሊንክስ ኢን ጂሜይል» የሚለውን ያጥፉ። ከዚያ በኋላ ሊንኩ በሙሉ ብራውዘር ይከፈታል። ሌላ ሥራ ሠርተው ሲመለሱም ታቡ እዚያው ይጠብቅዎታል።

ማብሪያውን ሳያጠፉ የሚቀጥሉ ካሉም ችግር የለውም። ጂሜይል ውስጥ የተከፈተ የሚመስለው ገጽ፣ ዲፎልት ብራውዘርዎ ይህን አሠራር የሚደግፍ ከሆነ፣ ከበስተኋላው ያንኑ ብራውዘር ነው የሚጠቀመው። የገቡበት አካውንት ክፍት ሆኖ ይቆያል። በዚህ ከአይፎኑ ይለያል። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲነኩ «ኦፕን ኢን» ብሎ የብራውዘሩን ስም ይጽፋል፤ የትኛው ብራውዘር እየሠራ እንደሆነ ማወቂያው ቀላል መንገድ ይህ ነው።

ሊንኩ ብራውዘር ሳይሆን አፕ የሚከፍትብዎ ከሆነ የዚያን አፕ ምርጫ ይቀይሩ። በሴቲንግስ «አፕስ» ውስጥ አፑን ይምረጡ፣ «ኦፕን ባይ ዲፎልት» የሚለውን ይንኩ፣ «ኦፕን ሰፖርትድ ሊንክስ» የሚለውን ያጥፉ። ከዚያ በኋላ የዚያ ድረ ገጽ ሊንክ በብራውዘር ይከፈታል። ለሁሉም አፕ ግን አያድርጉት። ካርታ ለምሳሌ በአፑ ሲከፈት ይሻላል።

የሥራ ፕሮፋይል ያለው ስልክ ላይ፣ የሻንጣ ምልክት ያለባቸው አፖች የራሳቸው ዓለም አላቸው። ሻንጣ ካለበት ጂሜይል የተነካ ሊንክ የሚሄደው ሻንጣ ወዳለበት ብራውዘር ነው። የግል ብራውዘርዎን ዲፎልት ማድረግዎ የሥራውን አይነካውም። ለሥራው ክፍል ለብቻው መምረጥ ያስፈልጋል።

ብራውዘሩ ትክክል፣ ፕሮፋይሉ ግን ሌላ

ክሮምን ለሥራና ለግል በሁለት ፕሮፋይል የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሊንኩ በክሮም ይከፈታል፣ ግን የሥራው ሊንክ የግሉ ፕሮፋይል ላይ ይወርዳል። ክሮም ከውጭ የመጣን ሊንክ የሚከፍተው በስተመጨረሻ በተጠቀሙበት የፕሮፋይል መስኮት ነው። ቀላሉ ዘዴ መጀመሪያ የሚፈልጉትን ፕሮፋይል መስኮት አንዴ ጠቅ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ኢሜይሉ ተመልሶ ሊንኩን መጫን ነው። ይህን ሁሌ ማስታወስ የሚከብድዎት ከሆነ የሥራውን ኢሜይል በአንድ ብራውዘር፣ የግሉን በሌላ ብራውዘር በድረ ገጽ ያንብቡ። ሊንኮቹ ከየቤታቸው አይወጡም።

ብራውዘር እያስመረጡ የሚከፍቱ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ማክ ላይ ፊኒኪ፣ ዊንዶውስ ላይ ብራውዘር ታመር። እነሱን ዲፎልት ብራውዘር ያደርጓቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ባስቀመጡት ደንብ መሠረት ሊንኩን ወደ ትክክለኛው ያስተላልፋሉ። ብዙ አካውንት ለሚያስተዳድር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የሚጫኑት ሊንክ ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። ከዋናው ምንጫቸው ካልሆነ በቀር አያውርዷቸው።

ሊንኩ ጨርሶ አልከፈት ሲል

አውትሉክ ላይ ሊንክ ሲጫኑ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ባለ ገደብ ምክንያት ተግባሩ ተሰርዟል» የሚል ወይም ስለ ድርጅት ፖሊሲ የሚያወራ መልእክት ሊመጣ ይችላል። የግል ኮምፒውተርዎ ላይ ሆነው «የምን ድርጅት?» ያሰኛል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፖሊሲ አይደለም። ዲፎልት የነበረው ብራውዘር ከኮምፒውተሩ ተነቅሏል፤ ዊንዶውስ ግን የኤችቲኤም ፋይሎችን አሁንም ለሌለው ብራውዘር ሊሰጥ ይሞክራል። ቅድም ሁለቱን የኤችቲኤም ፋይሎች አይተዉ ያልኩት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያድርጉ፦ «ዲፎልት አፕስ» ገብተው መጀመሪያ ኤጅን ዲፎልት ያድርጉ። አውትሉክን ዘግተው ይክፈቱና ሊንኩን ይሞክሩ። ከሠራ ተመልሰው የሚፈልጉትን ብራውዘር ዲፎልት ያድርጉ፤ አራቱም መቀየራቸውን ከዝርዝሩ ያረጋግጡ። ይህ ካልሠራ የነቀሉትን ብራውዘር መልሰው ይጫኑት፣ ዲፎልቱን ወደ ሌላ ያዙሩ፣ ከዚያ በኋላ ይንቀሉት።

ሊንኩ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ አልጫን ካለ ደግሞ ኢሜይሉ የት ፎልደር ውስጥ እንዳለ ይዩ። አውትሉክ በ«ጀንክ» ፎልደር ውስጥ ያሉ ሊንኮችን ሆን ብሎ ያሰናክላቸዋል። ላኪውን በእርግጥ የሚያውቁት ከሆነ ወደ ኢንቦክስ ያዛውሩት፤ ሊንኩ ይነቃል። ካላወቁት እዚያው ይተዉት።

በተቃራኒው፦ የኢሜይል አድራሻ ሲጫኑ

አንድ ገጽ ላይ «ይጻፉልን» የሚል የኢሜይል አድራሻ ሲጫኑ የማይጠቀሙበት የሜይል ፕሮግራም ተከፍቶ አካውንት ያስገቡ ይላል። ይህ የኤችቲቲፒ ሳይሆን «ሜይልቱ» የሚባል ሌላ ዓይነት ሊንክ ነው። የራሱ ዲፎልትም አለው።

ጂሜይልን በክሮም የሚጠቀሙ ከሆነ ጂሜይልን ይክፈቱ። በአድራሻ መጻፊያው ቀኝ ጫፍ የተደራረቡ ሁለት አልማዝ የሚመስሉ ምልክቶች ካሉ ይጫኗቸውና «አላው» ይበሉ። ምልክቱ ከሌለ በክሮም ሴቲንግስ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከተጨማሪ ፈቃዶች ውስጥ «ፕሮቶኮል ሃንድለርስ» ገብተው ድረ ገጾች ፈቃድ መጠየቅ እንዲችሉ ያድርጉ፤ ከዚያ ጂሜይልን ሪፍሬሽ ያድርጉ። ፋየርፎክስ ላይ በሴቲንግስ «ጄኔራል» ውስጥ «አፕሊኬሽንስ» የሚለው ዝርዝር አለ፤ «ሜይልቱ» ከሚለው ጎን ጂሜይልን ይምረጡ።

ይህ የሚሠራው አድራሻውን ብራውዘር ውስጥ ሲጫኑ ነው። ከዎርድ ወይም ከሌላ ፕሮግራም ሲጫኑም ወደ ጂሜይል እንዲሄድ ከፈለጉ፣ ዊንዶውስ ላይ «ዲፎልት አፕስ» ገብተው ሜይልቱን በእንግሊዝኛ ይፈልጉና ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን ይምረጡ። ማክ ላይ ይህ ምርጫ ያለው በአፕል ሜይል ሴቲንግስ «ጄኔራል» ውስጥ ነው፤ «ዲፎልት ኢሜይል ሪደር» ይላል።